የሌለው መርፌ

መኪና ግርግር ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ፔዳሉን ስመታ፣
እግሬ መኖሩንም አላስታውስ ነበር፤
ዓይኔ ከጨርቁ ላይ፣ ከስፌቱ ድንበር።

በመጀመሪያ አውራ ጣቴ ደነዘዘ።
ማታ ካልሲዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል
ካልሲው የለም፤ ቀድሞ ወልቋል፤
እግሬ ግን "ለብሻለሁ" ይላል።

ቀጥሎ እሳቱ መጣ፣ ማንም ሳይለኩሰው፤
አንሶላው ከበደኝ፣ እንደ ተኛ ሰው።
ጅቡ በጀጎል ቀዳዳ ሲገባ ሰማሁት፤
ጎህ ሲቀድ ሲወጣም፣ ነቅቼ ሸኘሁት፤
እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ
ከቀዝቃዛው ግድግዳ፣ ከኖራው ላይ ለጥፌ።
ኒዕማ ጀርባዋን ሰጥታኛለች፣ የተኛች ትመስላለች፤
የተኛ ሰው ግን እንዲያ አይተነፍስም።

የፈላና በሩ ወጌሻ "ደም ረግቶ ነው" ብሎ አሸኝ።
የጥቁር አዝሙድ ዘይት ተቀባሁ፣ ቤቱ በሙሉ ሸተተ።
የቫይታሚን መርፌ ተወጋሁ፣ አሥር፣ ደግሞ አሥር፤
መቀመጫዬ ወንፊት ሆነ፣ እግሬ ያው እግር።
ጎረቤቴ "ሙቅ ውኃ በጨው" አለኝ፤ ነከርኩት፤
ምንም አላቃጠለኝም፣ ደስ አለኝ፣ ተሽሎኛል አልኩ።
ጠዋት ቆዳዬ ተልጦ አገኘሁት።

ደንገጎን ወርጄ ድሬዳዋ ሄድኩ።
ሐኪሙ ጫማዬን ሳያስወልቀኝ ጻፈልኝ፤
እውነቱን ልናገር፣ በዚያስ ደስ አለኝ፤
ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ካልሲዬም ቀዳዳ።

ከዚያ ያ ማክሰኞ።
ከሱቄ እስከ ቡዳ በር ሄጄ ተመልሼ
ጫማዬን ሳወልቅ ኒዕማ ጮኸች።
መርፌ። የራሴ መርፌ፣ የመኪናዬ፣
ውስጥ እግሬ ላይ እስከ ወገቡ ተሰክቶ።
ደሙ ደርቋል።

ያለው መርፌ ሳይወጋኝ ዋለ፤
የሌለው ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋኝ ያድራል።
ይህንን ለማን ይናገሩታል?

ሕይወት ፋና፣ ዶክተር ለሊሴ
ተንበርክካ በእጇ ካልሲዬን አወለቀች።
ከኪሷ ክር አወጣች፣ የናይለን፣ አጭር።
እኔ በጣቴ ዳብሼ
ሐርን ከውሸት ሐር የምለይ ሰውዬ፣
"ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ሲነካዎ ይንገሩኝ" አለችኝ።
ጠበቅሁ።
ጠበቅሁ።
"መቼ ሊጀምሩ ነው?" አልኳት።
"ጨርሻለሁ" አለች።

ስኳር ነው። ስድስት ዓመት ማንም አልለካውም።
"ነርቭም ክር ነው" አለችኝ፣ "ስኳሩ ልባሱን በልቶታል፤
የተላጠ ክር የሰማውን ትቶ
ያልሰማውን ያወራል።"
ክኒን ጻፈችልኝ፤ ፋርማሲስቱ "ለድብርት ነው" ቢለኝ
ተመልሼ ሄድኩ፣ "እኔ መች ከፋኝ?"
"እርስዎን አይደለም፣ ነርቩን ነው የማስተኛው" አለች፤
"ስድስት ሳምንት ይታገሡት።
አይጠፋም። ስምንት የነበረው አራት ከሆነልን ይበቃናል።"
አይጠፋም ያለኝ ሐኪም የመጀመሪያዋ ናት፤
ያመንኳትም ለዚህ ነው።

አፌ ደረቀ። ቀን ቀን አንጎላጀጀኝ፣
አንድ የሙሽራ ሱሪ አሳጥሬ ቆረጥሁ።
በአምስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሌሊት፣
አንሶላው አንሶላ ሆነ።

አሁን ፔዳሉን የሚረግጠው አፈንዲ ነው፣ የእህቴ ልጅ፤
ጨርቁን የሚመራው የእኔ እጅ።
ይፈጥናል፣ "ቀስ!" እለዋለሁ፤
አንዳንዴ እግሩ የእኔ ይመስለኝና
እንዳይደክመው እሰጋለሁ።
ማታ ኒዕማ ጫማዬን ገልብጣ ታራግፋለች፤
አንድ ቀን ቁልፍ ይወድቃል፣ አንድ ቀን አሸዋ፤
ከዚያ መስታወቷን ይዛ ውስጥ እግሬን ታነባለች።

ረመዳን ሊገባ ሲል ቤቱ ኖራ ተቀባ።
ቀቢው ከአልጋችን አጠገብ ቆመ፣
ግድግዳው ላይ የጠቆረች የእግር ቅርፅ አይቶ፤
አምስቱም ጣት፣ ተረከዙም፣ ሁሉም አለ።
ብሩሹን ሲያነሳ ኒዕማ ከጓዳ ወጣችና
"ያቺን ተዋት" አለችው፣
"ገና ትፈለጋለች።"